የእንግዶቹ ድስት

«ታዲያ ማን ያርድላችኋል?» አሉ አባቱ፣ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ።

ሰላህ ቦርሳውን አዘጋጅቶ፣ ዚፑን ዘግቶ፣ በሩ ላይ አስቀምጦት ነበር። ይህን ጥያቄ ግን አላሰበበትም።

የሰላህ ቤተሰብ ወረታ ከመግባቱ በፊት ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ስምንት ዓመት ኖሯል። አባቱ አቶ ሙሀመድየሱፍ ወረታ ላይ የጨርቅ ሱቅ ሲከፍቱ ግቢው ተለቀቀ እንጂ ጉርብትናው አልቀረም። በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ተነስተው ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ እሁድ ይመለሳሉ። ያን ቅዳሜ እዚያ ግቢ ሁለት ዶሮ ይታረዳል። አንዱን መሪጌታ ለቤታቸው፣ ሌላውን የሰላህ አባት ለራሳቸው ቤተሰብ ያርዳሉ። ክርስቲያን ያረደውን እስላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላምና፣ የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ የሺአረግ ለእንግዶቹ ብቻ የሚሆን ድስትና ቢላ አላቸው። ዓመቱን ሙሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም።

ዘንድሮ አባቱ ጣቃ ሲያነሱ ወገባቸውን ያዛቸው። መቀመጥ እንኳ አልቻሉም፤ መኪና መሳፈርማ የማይታሰብ ነው። እናቱ ዘይነት፣ እዚያው ሰፈር ያለ ሙስሊም ጎረቤት ጠርተን እናሳርዳለን ብላ ነበር። አባቱ አልተዋጠላቸውም። በየዓመቱ በእጄ እያረድሁ ዘንድሮ ሰው ፈልጉልኝ ብዬ የሰው ቤት አላስቸግርም፣ ይልቅ ለከርሞ ይቆይ አሉ።

ለከርሞ! ሰላህ ይህችን ቅዳሜ መቁጠር የጀመረው ገና መስከረም ላይ ነው። ፍሬ ስብሐት፣ የመሪጌታ ልጅና የእሱ የልጅነት ጓደኛ፣ ትናንት ማታ ብቻ አሥራ አንድ መልእክት ልኮለታል፤ የመጨረሻው «ካልመጣህ ጀለስነታችን አበቃ» ይላል።

«እኔ አርዳለሁ» አለ ሰላህ።

«መቼ አርደህ ታውቅና?»

«ለአረፋ። አጎቴ ቤት። ሦስት ዶሮ።»

በእርግጥ ለአረፋ አጎቱ ቤት ሦስት ዶሮ ታርዷል። የሰላህ ድርሻ ግን እግር መያዝ ነበር፤ ያውም የመጨረሻዋን ዓይኑን ጨፍኖ።

አባቱ ትክ ብለው አዩትና ፈተኑት። ሰላህ አንድም ሳያጎድል አነበነበው፦ ፊት መካ ወዳለበት ወደ ቂብላ፣ ቢላው የተሳለ፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ማለት፣ ከዚያ ሳያመነቱ ማረድ። «በል እንግዲህ፣ ዘንድሮ በእኔ ቦታ አንተ ነህ» አሉት አባቱ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። እውነቱን ተናገር የሚል ሐሳብ ለሰላህ መጣበት። ደስታው ግን ስለበለጠ አላዳመጠውም።

ሚኒባሱ ከወረታ የተነሳው በማለዳ ነው። ሰላህ መስኮቱን አልለቅም ብሎ እናቱን ወደ ውስጥ ገፋት። ሐሙሲትን አለፉ። ዘንዘልማ ሲደርሱ ባለፈው ዓመት ጤፍ የነበረበት ማሳ ላይ ቤት በቅሎበታል። ከዚያ ድልድዩ መጣ፤ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሰፍቶ ይሄዳል፤ ከወዲያ ማዶ ጣና ጠዋቱን ይዞ ተኝቷል። ሰላህ በየዓመቱ እዚህ ቦታ ላይ ሳያውቀው ይስቃል። ዘንድሮም ሳቀ፤ እናቱም በክርኗ ጎሰም አደረገችውና አብራው ሳቀች።

ፍሬ ስብሐት መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ጠበቃቸው። ቁመቱ ከሰላህ በአራት ጣት በልጧል፤ ድምፁም ጎርንኖ የሌላ ሰው ድምፅ መስሏል። ባጃጁ ውስጥ ሁለቱ እኩል እያወሩ፣ አንዱም ሌላውን ሳይሰማ ግሽ አባይ ደረሱ። ወይዘሮ የሺአረግ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ዓይናቸው ቀልቷል። ዘይነትን አቅፈው አልለቅ አሉ። መሪጌታ የአቶ ሙሀመድየሱፍን ወገብ ጠየቁ፣ ምሕረቱን ያውርድላቸው አሉ፤ ከዚያ ወደ ሰላህ ዞር ብለው እንደ ትልቅ ሰው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«አባትህ ደውለው ነግረውኛል። የአባትህን ቦታ የያዝኸው አንተ ነህ አሉ» አሉት።

ጓሮ ሁለት አውራ ዶሮዎች ታስረዋል። መሪጌታ የራሳቸውን አረዱና፣ ለእንግዳው ቦታ ለመልቀቅ ወደ ቤት ገቡ። ሰላህ አባቱ በየዓመቱ የሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ ሐይቁ በኩል አድርጎ ቆመ። ቢላው ከላስቲኩ ወጥቷል። ፍሬ ስብሐት የዶሮውን እግርና ክንፍ ያዘ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው።

«ዝም ብለህ ያዝ።»

በዚህ መሃል አንዱ ክንፍ አመለጠ። ዶሮው ተርገፈገፈ፣ ላባው ሰላህ ፊት ላይ መጣ፣ ፍሬ ስብሐት «ቶሎ በል፣ ሊያመልጠኝ ነው» አለ፤ ሰላህ ጥርሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቢላውን ሳበው። አለቀ። ንጹሕ ነበር፤ አጎቱም ከዚህ የተሻለ አያርድም። ፍሬ ስብሐት ትከሻውን መታውና «አንተ፣ እውነትም ባለሙያ ነህ» አለው።

ሰላህ ቢላውን ሊያጥብ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ሲል ነው ድንገት የገባው። ጥርሱን እንደነከሰ ነበር። አፉን አልከፈተም። «ቢስሚላህ» አላለም።

ዶሮውን ሴቶቹ ወሰዱት። ወጡ እስኪደርስ ሁለቱ ልጆች ወደ ሐይቁ ሮጡ፤ ይህም የየዓመቱ ነው። አንድ የሚያውቃቸው ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ሰጣቸው፤ ከዳር እንዳይርቁ ግን አስጠነቀቃቸው። ታንኳ ላይ ሚዛን መጠበቅ አምና የተውት ቦታ ላይ አይገኝም፤ እንደገና መማር ነው። ሁለት ጊዜ ሊገለበጡ ደረሱ፣ እስከ ወገባቸው ራሱ፣ አንድ ይብራ ካጠገባቸው ተነስቶ በረረ፣ ፍሬ ስብሐት በጎርናናው ድምፁ ጮኸ። ሰላህ ከልቡ ሳቀ። ወዲያው ግን ድስቱ ትዝ ይለውና ሳቁ መሃል ላይ ይቆማል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ጓደኛው መቅዘፊያውን አሳርፎ።

ሰላህ ነገረው። ዶሮውንም፣ አርጄ አላውቅም የሚለውንም፣ ሁሉንም።

ፍሬ ስብሐት፣ አጠገብህ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። ከተጠየቅሁም ሲል ሰምቼዋለሁ እላለሁ አለ። የፍሬ ስብሐት እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ የሠራችው ወጥ ነው፤ አሁን ይህን ብትሰማ ምን እንደሚሰማት እሱ ያውቃል። ደግሞ አቶ ሙሀመድየሱፍ ሰምተው የከርሞውን ጉዞ ቢያስቀሩስ?

«እኔ እላለሁ። አንተ ዝም በል» አለው።

ደህና ሐሳብ ነበር። ሰላህ እስከ ቤት ድረስ ደህና ሐሳብ ነው እያለ ሄደ።

ማዕዱ ቀርቧል፤ ለየቤተሰቡ በየራሱ መሶብ፣ ጎን ለጎን። ወይዘሮ የሺአረግ የእንግዶቹን ድስት ከፍተው መጀመሪያ ለዘይነት ዕንቁላሉን አወጡላት፤ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ዘይነት እጇን ታጥባ፣ ቀስ ብላ «ቢስሚላህ» አለችና ጠቀለለች።

«እማ፣ ቆይ። አትብዪ» አለ ሰላህ።

የእናቱ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ሳርድ አላልሁም። ቢስሚላህ አላልሁም። ረሳሁ።»

ወይዘሮ የሺአረግ ጭልፋውን እንደያዙ ድስቱን አዩት፤ ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ሰላህ ለማየት አልደፈረም። ፍሬ ስብሐት አንገቱን ደፋ። ዘይነት ጉርሻውን መልሳ አስቀመጠችው፤ ከልጇ ይልቅ ሰው ቤት መሆናቸው ያሸማቀቃት ትመስላለች። መጀመሪያ የተናገሩት መሪጌታ ናቸው።

«ድስቱን ክደኚው፣ እንዳይቀዘቅዝ» አሉ ለባለቤታቸው። ከዚያ ወደ ሰላህ ዞሩ። «ይህ የእናንተ ሕግ ነው፣ እኔ አልፈርድበትም። ውጣና አባትህን ጠይቅ፤ እንጠብቃለን።»

ሰላህ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። አባቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ፤ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላል። ሲያርድ ቢስሚላህ እንዳላለ ነገራቸው።

«ረስተህ ነው ወይስ አውቀህ ተውኸው?»

«ደንግጬ ረሳሁ።»

አባቱ በረጅሙ ተነፈሱ። ረስቶ የተወ ሰው እንደማይያዝበት፣ እሳቸውም በሱ ዕድሜ ይህንኑ ሼሃቸውን ጠይቀው እንደነበር ነገሩት። አሁን የአላህን ስም ጥራና ብሉ አሉት። ለወይዘሮ የሺአረግም ስለ ድካማቸው ይቅርታ በልልኝ አሉ። ሰላህ በበሩ ብቅ ብሎ «ብሉ ብለዋል» ሲል ከውስጥ ትልቅ እፎይታ ተሰማ፤ ወይዘሮ የሺአረግ ድስቱን ሲከፍቱ እየሳቁ ነበር፣ ዘይነትም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ፍሬ ስብሐት ና፣ ቶሎ ና እያለ በእጁ ይጠራዋል።

አባቱም ስልኩ ውስጥ መሳቅ ጀመሩ፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው በትንሽ በትንሹ። «እኔ የገረመኝ፣» አሉ፣ «ሦስት አርዶ የሚያውቅ ሰው አንድ አውራ ዶሮ ያስደነግጠዋል?»

አብሮ መሳቅ ብቻ ነበር የቀረው። ዶሮው እንዲበላ ተፈቅዷል፣ ወጡ ትኩስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ታንኳው ይጠብቃቸዋል። ለአረፋ እግር ብቻ እንደያዘ አባቱ አያውቁም፤ ካልነገራቸውም አያውቁትም። ሰላህ በበሩ በኩል ባዶ የቀረውን የእሱን ቦታ አየ፤ ለጓደኛው ትንሽ ቆይ የሚል ምልክት አሳየውና በሩን ገርበብ አደረገ።

«አባ፣ ስልኩን አይዝጉት» አለ፤ ደረጃው ላይም ተቀመጠ።