የሚሞቀው ክምር

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሮጊቷ ከሆስፒታል አዳር ተመልሰው የጓሮውን በር ሲከፍቱ፣ አርባዎቹ ዶሮዎች ገና በራቸው ተዘግቶባቸው ይንጫጩ ነበር። ባላቸውን ተጣሩ። የዶሮ ኩስና አሮጌ ጉዝጓዝ ወደሚከመርበት ወደ ጀርባ ሲዞሩ፣ ከሦስቱ ክምሮች በግራ በኩል ካለው የሰው ጭንቅላት ወጥቶ አዩ። ሽማግሌው በደረታቸው ተደፍተው እስከ ትከሻቸው በጉዝጓዝ ተሸፍነዋል። ማጅራታቸው ላይ ደም ደርቋል።

ፖሊስ ወዲያው ደረሰ። የጤና መኮንኑ ጉዝጓዙን ገለጥ አደረገና እጁን በሟቹ ብብት ሥር ሰደደ።

«ገና ይሞቃሉ፤ ከሞቱ ሦስት ሰዓት አይሞላቸውም» አለና አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ።

በዚያች አንድ ቃል ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ጉድ ፈላባት። ሰባት ዓመት የሆናት ልጇ በደም ተቅማጥና በትኩሳት ከሐሙስ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ከምን እንደመጣ አላወቁም፤ እናትየው ግን «ይኼ የኩስ ክምር ነው» ብላ ከሽማግሌው ጋር ዓይንና ናጫ ሆናለች። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይም በጓሮው በር ገብታ «ሞት ይውሰድህ!» ብላ ስትጮህ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። አስር አለቃው ካቴናውን ለማውጣት ሌላ ምን ይፈልጋል?

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «አፍንጫ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊሰድቧት ነበር፤ በኋላ ግን ጉዳይ ሲጠፋቸው «አፍንጫን ጥሯት» ማለት ጀመሩ። አጭር ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰው በመሀል ሲያቋርጣት አትወድም። አሁን እሷ ብቻ አፍንጫዋን ሳትይዝ ክምሩ አጠገብ ተንበርክካለች።

ልብስ ሰፊዋ እግሯ ሥር ወደቀች። «እመቤቴ፣ ካሰሩኝ ልጄ ማን አላት? ማታ ማታ እየተነሳች እኔን ነው የምትጣራው። አልነካኋቸውም! ጮህኩ፤ ማንም አልመለሰልኝም፤ ወጣሁ።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለሽ። እስከዚያ ከግቢሽ አትወጪም። ሌላ ሰው ካላገኘሁ ግን ጣቢያ ትሄጃለሽ፤ እኔም አላስጥልሽም።»

መርማሪዋ የሟቹን ማጅራት ነካች። በረዶ ነው። እጇን ወደ ሆዳቸው አስገባች፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ግንቡ ሥር የወደቀ ፌሮ አንስታ እስከ ወገቡ ክምሩ ውስጥ ሰካችና እስከ መቶ ቆጠረች። ስትመዘው እጇን ለበለባትና ጣለችው።

«ይኼ ነገር እንቁላል ይቀቅላል!» አለ አስር አለቃው።

«ሬሳም አያበርድም» አለች።

ሬሳው ሲነሳ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ከነሥሩ የተነቀለ ሰላጣ ወጣ። ሥሩ ላይ ቀይ ቀይ የእንጨት ብናኝ ተጣብቋል። መርማሪዋ ሦስቱም ክምሮች በሸራ እንዲሸፈኑ አዘዘች። ሬሳው ከየትኛው ክምር እንደተገኘ ከዚያ ከነበሩት ውጭ ማንም እንዳይሰማ አስጠነቀቀች።

ከዚያ አሮጊቷ ዘንድ ገባች። ወጥ ቤታቸው ውስጥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ማታ የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ከልጅቷ ጋር። እናቷ ለሰኞ የምታስረክበው የተማሪ ልብስ ስላለባት ከትናንት አስር ሰዓት ጀምሮ እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ነርሶቹን ጠይቂ።»

«እናትየው ባልዎን እየረገመች እርስዎ ልጇን ያስታምማሉ?»

«ልጅቷ ምን አደረገች? ደግሞም ጎረቤት ነን። ዛሬ ብንጣላ ነገ እሳት መጫጫራችን አይቀርም።»

«ዶሮዎቹን ስንት ሰዓት ይከፍቱላቸዋል?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ለእነሱ ሳይከፍት ፊቱን እንኳ አይታጠብም። ‹አንተ ሚስትህ ማን ናት?› እለው ነበር።» ሊስቁ ሞከሩና እንባቸው መጣ።

መርማሪዋ እስኪረጋጉ ጠበቀች። «ክምሮቹ ለምን ሦስት ሆኑ?»

«አንዱ በየሳምንቱ ከዶሮ ቤት የሚጠረገው ትኩሱ ነው፤ መሀል ላይ ያለው። አንዱ የሚሞቀው ነው፤ ይገላበጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጭድ ይለብሳል፣ ከዚያ ይነድዳል። ሦስተኛው ስድስት ወር ያረፈው ነው። አትክልተኛው በየእሑዱ የሚወስደው ያረፈውን ብቻ ነው። ትኩስ ኩስ ለሰላጣ አይሰጥም፤ የበላውን ሰው ይጥላል። ባሌ በዚህ ቀልድ አያውቅም።»

«የሚሞቀው ሁልጊዜም በግራ በኩል ነው?»

«ኧረ አይደለም! ስንት ዓመት ሙሉ በቀኝ፣ በልብስ ሰፊዋ ግንብ ሥር ነበር። ትናንት ምሳ እንደበላን ነው ያዛወረው። ‹ልጇ ታማባት በዚህ ሽታ ደግሞ አትቃጠል› ብሎ። ወገቡን ይዞ፣ በመንሽ እያነሳ። ‹ልንገራት?› ብለው፣ ‹ተያት፣ ራሷ ታሽትተው› አለኝ።»

«ክምሩ አጠገብ ያለው የውኃ በርሜልስ?»

«ስወጣ ሞልቼው ነው የሄድኩት።»

በርሜሉ አሁን ባዶ ነው። ከጎኑ የነበረው የጭድ እስርም ተፈትቷል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አናጢ ነው። ለሥራ ሌላ ከተማ ሊሄድ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነበር፤ መርዶውን በስልክ ሰምቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከሸሚዙ ኪስ እርሳስ እንደወጣ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል።

«ለዶሮዎቹ ሰጋቱራ የምታመጣው አንተ ነህ?» አለችው መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ። በየማክሰኞው።»

ከላስቲኩ ውስጥ ያለውን ሥር አሳየችው። «ይኼ ካንተ ቤት የወጣ ነው?»

ብናኙን በጣቱ አሸት አደረገው። «የቀይ እንጨት ነው። ይኼ እንጨት የገባልን ገና የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ወንድሜ ከኔ ነጭ ሰጋቱራ እንጂ ሌላ ወስዶ አያውቅም።»

«ክምሩ ለምን እንደሚሞቅ ታውቃለህ?»

«ይሞቃል እንዴ?» አለና እንባውን ጠረገ። «ኩስ አይደል?»

አትክልተኛው ቦታ ድረስ አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ሰውዬው ለስላሳ ነው፤ ወንበር ጠረገላት፣ ውኃ አቀረበላት። መደቦቹ ላይ ሰላጣው ለምለም ብሎ ተደርድሯል።

«ሲያምር!» አለች።

«የጋሼ ኩስ በረከት ነው እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ስድስት ወር ካረፈው ሌላ መሬት ላይ አላደርግም።»

«መጨረሻ ጓሯቸው የሄድከው መቼ ነው?»

«ያለፈው እሑድ። ዛሬም ልሄድ ነበር፤ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ገበያ ነበርኩ። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ።» የውኃውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገና «ያቺ ሴትዮ ተያዘች አሉ?» ሲል ጨመረ።

ጠዋት የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም። መርማሪዋ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ አለች። በሰላጣዎቹ መሀል፣ አፈሩ ላይ፣ ቀይ ብናኝ ተነስንሷል።

«ከዚህ ልብስ ሰፊዋም ትገዛለች?»

«ሁሉም ከኔ ነው የሚገዛው። ልጅቷማ እንደ ጥንቸል ነው የምትበላው!»

አስር ሰዓት ላይ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። አሮጊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አናጢው ከኋላቸው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ከአስር አለቃው አጠገብ ሆና ዓይኗ ከእጅ ሰዓቱ አይነቀልም፤ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። አትክልተኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«በቅድሚያ አንድ ነገር ላረጋግጥ» አለች መርማሪዋ ፌሮዋን እያነሳች። «ሦስቱም ተሸፍነው ተደናገረኝ። አንተ ባለሙያ ነህ፤ እስቲ የሚሞቀው ጋ ውሰደኝ።»

አትክልተኛው «ይኼ ምን ይከብዳል» አለና ወደ ግራ ሄዶ ሸራውን ገለጠ። እንፋሎቱ ፊቱን መታው።

አሮጊቷ «ውይ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«ምነው?» አለ ዘወር ብሎ።

«ምንም አይደል። እሱን እደርስበታለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት አልሞቱም። ዶሮዎቹን አስቡ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኖ እንኳ አልተከፈተላቸውም ነበር። እኚህ ሰው አሥራ ሁለት ሰዓትን በሕይወት ቢያገኙት ኖሮ በሩ ክፍት ይሆን ነበር። የሞቱት ትናንት፣ ዶሮዎቹ ለአዳር ከገቡ በኋላ ነው።»

«ግን ይሞቁ ነበር!» አለ አስር አለቃው።

«ሆዳቸው ይሞቅ ነበር። ከክምሩ ውጭ የቀረው ማጅራት ግን በረዶ ነው። ገና አሁን የሞተ ሰው እንዲህ ግማሽ በግማሽ አይሆንም። ያሞቃቸው ክምሩ ነው። ደግሞ በአጋጣሚም አይደለም። በርሜል ሙሉ ውኃ ተርከፍክፎበታል፣ ከላይም ጭድ ለብሷል። ሬሳ መደበቅ የፈለገ ሰው አካፋ ያነሳል እንጂ ውኃ አያጠጣም። ይኼ ሰው የፈለገው ሙቀት ነው፤ ሞቱ የጠዋት እንዲመስልለት።»

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ሰዓቱን ወደ ጠዋት የገፋ ሰው፣ በዚያው ሰዓት መጥቶ መንደር አይቀሰቅስም። ስለዚህ አንቺ አይደለሽም። አናጢውም ለጠዋቱ አውቶቡስ አለው፤ ነገር ግን ኩስ እንደሚሞቅ እንኳ አያውቅም። እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ነበሩ። ማን ቀረ?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ!» አለ አትክልተኛው።

«ዛሬ ጠዋት! ስለ ዛሬ ጠዋት ማን ጠየቀህ? ማታ የት ነበርክ?»

አትክልተኛው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

«ሟቹ ኪስ ውስጥ ሰላጣ አግኝተናል። ያንተ ሰላጣ ነው። ሥሩ ላይ ቀይ ሰጋቱራ አለ፤ ቀይ ሰጋቱራ ወደዚህ ግቢ ከገባ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። እንግዲህ ቁጠርና ስድስት ወር አድርስልኝ! ያረፈው አልበቃ ሲልህ ከትኩሱ እየሰረቅክ ለሰላጣ አደረግኸው። ልጅቱ በላችው። ሽማግሌው ደርሰውበታል።»

ልብስ ሰፊዋ ግንቡን ያዘች።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«ሰጋቱራ ሰው አይገድልም!» አለ አትክልተኛው። ድምፁ ግን ለስላሳነቱ ጠፍቷል። «እኔ ከባለፈው እሑድ ወዲህ እግሬ እዚህ አልረገጠም አልኩሽ እኮ!»

«ብለኸኛል። ባለፈው እሑድ የሚሞቀው ክምር በቀኝ ነበር፤ ለዓመታት በቀኝ ነበር። ወደ ግራ የሄደው ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። ለልብስ ሰፊዋ እንኳ አልተነገራትም። አንተ ግን ሸራ ተሸፍኖም ሳይጠፋህ ቀጥ ብለህ ሄድክ። ማን ነገረህ?»

ሰውዬው ክምሩን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ። ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ።

«እስከ መከር ታገሡኝ አልኳቸው» አለ። «ለመንኳቸው። ‹ሌላ ልጅ እስኪወድቅ? ነገ ራሴ ሆስፒታል ሄጄ ለሐኪሞቹ እናገራለሁ› አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። መንሹ በእጄ ነበር። አንዴ ነው የመታኋቸው። አንዴ ብቻ!»

«አንዴ መታህ፤ ከዚያ በርሜል ሙሉ ውኃ አመላለስክ» አለች መርማሪዋ። «የመጀመሪያው ንዴት ነው ልበልህ። ሁለተኛውን ምን ልበለው? ጠባቸውን አውቀህ፣ እናት ከታመመች ልጇ ለይተህ ልታሳስር!»

አስር አለቃው ካቴናውን ለትክክለኛው እጅ አጠለቀው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ አሮጊቷ ተጠጋች። «እትዬ፣ እኔ ጠዋት ያን ሁሉ ስል... እሳቸው እዚህ...»

«አልሰማሽም፤ ሞቶ ነበር።»

«ግንቤ ሥር የነበረውን ለምን አነሱት?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ለአንቺ ብሎ ነዋ! እንግዲህ አታልቅሺ፤ እኔም ገና በቅጡ አላለቀስኩ። ተነሽና ወደ ልጅሽ ሂጂ። ትኩስ የዶሮ ኩስ የነካው ሰላጣ ነው ያሳመማት ብለሽ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው። እሱ ሊነግራቸው የነበረው ይህንኑ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጠች። ሐኪሙ ሰምቶ መድኃኒቱን ወዲያው ቀየረው፤ በዚያው ሕመም ከሌላ ሰፈር መጥተው የነበሩ ሁለት ሕፃናትንም አስጠራ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የልጅቱ ትኩሳት ወረደ። ዓይኗን ገልጣ እናቷን አየችና ውኃ ጠየቀች። ጠጥታም ሳትጨርስ፣ ከታመመች ጀምሮ በልቧ ይዛው የቆየችውን አወጣችው።

«እማዬ፣ ከባለ ዶሮው አባባ ጋር ታረቃችሁ?»

እናትየው ብርጭቆውን ተቀብላት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷን በልጇ ፀጉር ውስጥ ደበቀች።

«ታረቅን» አለች። «እሳቸው ቀድመውኝ ታረቁ።»