ከኪዮስኩ ጀርባ

አራተኛው ታክሲም ውሻውን ሲያይ ነዳጅ ረግጦ ተፈተለከ።

«ላሽ አለ?» አለች እታለም።

«ሰው ይዞ ነበር» አለች ታናሿ ጢኖ። ባዶ ነበር። የቀደሙት ሦስቱም እንደዚያው።

የእታለም የቃል ፈተና ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ለዘገየ ሰው በር እንደማይከፈት በጥሪው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል፤ ያነበበችላት ጢኖ ራሷ ናት። እታለም ዓይኖቿ አያዩም። መንገድ የሚመራት ሻምበል ነው። ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ነው ውሻው ይህን ማዕረግ ያገኘው፤ ባለታክሲዎቹ ግን ለማዕረግ ደንታ የላቸውም።

ጢኖ ድንገት መላ መጣላት።

«እዚህ ጭቃ ይረጩብሻል፤ የፈተና ልብስሽ ይበላሻል» ብላ ሁለቱንም ከኪዮስኩ ጀርባ አቆመቻቸው። ከዚያ ብቻዋን መንገዱ ዳር ወጥታ እጇን ዘረጋች። ታክሲ ወዲያው ቆመ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ተጣራች፦ «እታለም ነይ፣ ተገኘ!»

ሻምበል እየመራት ወጣ። የሹፌሩ ፊት ተለዋወጠ።

«እንዴ! ደብቀሽ ነው ያስቆምሽኝ? ወንበሩ ፀጉር በፀጉር ሆኖ ሰው ሲጮህብኝ አንቺ መልስ ትሰጪልኛለሽ?»

«እግሯ ስር ነው የሚተኛው! በናትዎ ጋሼ፣ ፈተና አለባት!»

«ውረጂ ብያለሁ!»

ታክሲው ሄደ። እታለም በጫማዋ ጫፍ አስፋልቱን ፈተገችው። ደረቅ ነበር።

«ጭቃ የለም፣ አይደል?»

ጢኖ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ፈተናው እንዳያልፍሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ፈታኞቹ ፊት ስቀርብስ የት ልትደብቂኝ ነው?» አለች እታለም። ሻምበል ቀና ብሎ አያት።

«የቅድሞቹ አራት ታክሲዎች ባዶ ነበሩ» አለች ጢኖ። እንባዋ መጣ። «ሻምበልን እያዩ ነው የሄዱት።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነክቶት ነው ታክሲ የሚሳፈረው ስል ነበር።» እታለም ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። ጢኖ ሰዓቷን አየች፤ ቀጥላ ኪዮስኩን አየች። መደበቁ ቅድም ባያሳፍራቸውም ታክሲ ያስቆማል። ደግሞም ሁሉም ሹፌር አንድ ዓይነት አይደለም።

ግን ኪዮስኩን ትታ ክንዷን ለእህቷ ሰጠቻትና እስከ መንገዱ ጠርዝ አብረው ሄዱ። ሻምበልን ከፊታቸው፣ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ አስቀመጡት። ከወዲያ ማዶ ታክሲ ብቅ አለ።

«አንድ እየመጣ ነው» አለች ጢኖ። «ባዶ ነው።»

እጇን ዘረጋች።