ከባድ ጣት

ረቡዕ ረፋድ ላይ አይካንዴ ለአባቷ ደውላ፣ ሰውዬው እምቢ ብሏል፣ ቅዳሜ እንዳትጠብቁት አለቻቸው። 

ሊያገባት ያሰበው ጋዲየል ከዶዶማ ወደ ሞሺ መጥቶ አባቷ ፊት ሊቀርብ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዞ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ አንዴ በሥራ፣ አንዴ በጎርፍ። ለሦስተኛው ቀጠሮ በቢሮው መልእክት መላላኪያ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠሃል አልቆረጥክም፣ በአንድ ቃል መልስልኝ ብላ ጻፈችለት። መልሱ እውነትም አንድ የስዋሂሊ ቃል ነበር፤ «ኒሜካታኣ»። እምቢ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ በሞባይሏ ዘጠኝ ጊዜ ደወለ። አላነሳችም።

ሁለቱም የአንድ የታንዛኒያ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። እሷ ሞሺ ዋናው ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ እሱ ዶዶማ ቅርንጫፍ ጭነት ይመዘግባል። ከሁለት ዓመት በፊት አላትም ያለ ማተሚያ አስደውሎት ነበር የተዋወቁት። ማተሚያው ከተሠራ በኋላም አርባ ደቂቃ አወሩ።

ሐሙስ ጠዋት የሥራው ስልክ ጮኸ። ያንን አለማንሳት አትችልም።

«የደወልኩት ለሥራ ነው» አለ ጋዲየል። «የቁልፍ ሰሌዳው ፊደል ይደግማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አመለከትኩ። አቤቱታዬን ምን ብለሽ እንደዘጋሽው ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። «የተጠቃሚው ጣት ከባድ ነው» ብላ ነበር፤ ያኔ ለጨዋታ።

«‹ኣ›ን ነካ አድርገህ ልቀቅ» አለችው፣ እንደማታውቀው ሰው።

«ሦስት መጣ።»

«በእጅ ሰዓትህ ስንት ነው?»

«አራት።»

«ማሽኑስ ስንት ይላል?»

«አራት ከሃያ። ሰከንዱማ የሚያሳድደው ያለ ይመስል ይሮጣል።»

አይካንዴ ነገሩ ገባት። የዶዶማው ማሽን ለብቻው የቆመ ዕቃ አይደለም፤ ሞሺ ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በፕሮግራም የተፈጠረ ምናባዊ የሊኑክስ ኮምፒውተር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ያዛወረችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ፣ በየጠዋቱ ሲከፈት ቢስተካከልም፣ ሰዓቱ ይሮጣል ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሮጥ፣ ጣት ለቅጽበት የነካው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ተጭኖ የቆየ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይደግመዋል። ጣቱ አልከበደም።

የረቡዕን መልእክት ከፈተችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያነበበችው መልእክት ሦስት ከሃምሳ ላይ ተጻፈ ይላል።

«ረቡዕ ምን ነበር የጻፍክልኝ?»

«ኒሜካታ። ቆርጫለሁ። ሌላ ምን እጽፋለሁ?»

ሁለቱን ቃላት የምትለያቸው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት «ኣ» ናት። ያነበበችውን፣ ለአባቷም ያለችውን ነገረችው። ይስቃል ብላ ነበር። ባሰበት።

«በአንድ ፊደል ሁለት ዓመት ጣልሽ? ስልክ ማንሳት አቃተሽ? ትኬቱ የነገ ነው፤ ልመልሰው እየወጣሁ ነበር።» ዘጋባት። ይመጣል አይመጣም፣ አላለም።

የማሽኑን የሰዓት ምንጭ ቀይራ እንደገና አስነሳችው። አቤቱታው ሥር የጻፈችውን ሰርዛ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ጻፈች። አባቷ ግን ነገሩን ስታስረዳቸው፣ በማሽን አታሳብቢ ብለው ጮኹባት። እግዜር ምላሷን እንዲይዝላት ለመነች።

ዓርብ ከሰዓት ከግቢው አጥር አንድ የኢሳሌ ቅጠል ቆረጠች። የሞሺ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ቻጋዎች ይቅርታ የሚለምኑት በዚህ ቅጠል ነው፤ የተዘረጋለት ሰው ቂም መያዝ አይችልም። ቅጠሉን ይዛ መናኸሪያ ስትጠብቅ የዶዶማው አውቶቡስ ገባ። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ ያለቀ መሰላት። አንገቷን ደፋች።

መጨረሻ ላይ ጋዲየል ፊቱን እንዳጠቆረ ወረደ። ቅጠሉን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አያት።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አባትሽም ፊት ተናድጄ ነው የምቀርበው።»

«እሳቸውም ተናደዋል። ትግባባላችሁ።»

አልሳቀም፤ ከንፈሩ ላይ ብቻ ፈገግታ አመለጠው። ቅጠሉን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተቀበላት።

«እንዳይቀነጠስ» አለ፤ «ጣቴ ከባድ ነው።»