ጌጡ የደረበው ባና

ወንድሞቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ሚስት ላላችሁና ለማግባት ለምታስቡ ነው። ሴቶቹ ቢሰሙትም ግድ የለኝም፤ እነሱ ነገሩን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የማርያም ደብራችን አፈወርቅ የሚባል ገበሬ ነበር። ገብሱ ያማረ፣ በጎቹ የረቡለት፣ የማርያም ማኅበር ተራው ሲደርስ ድግሱ የማይጓደል ሰው ነው። ከሚስቱ ከጥሩሸዋ ጋር በሰማንያ ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። በዚያ ዓመት ለትንሣኤ አብረው ሊቆርቡ ቆርጠው ነበር። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ጠርቶ፣ ንብረት ተካፍሎ ይለያያል፤ በአገራችን ይህን ያላደረገ ጥቂት ነው። ሥጋ ወደሙን አብረው የተቀበሉ ባልና ሚስት ግን እስከ ሞት ድረስ መለያየት የለባቸውም። ስለዚህ ብዙው ሰው እስኪያረጅ ድረስ ቁርባንን ይሸሸዋል። እነሱ በጎልማሳነታቸው መወሰናቸውን ስንሰማ ሁላችንም አከበርናቸው።

አፈወርቅ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ ቅናተኛ ነው። ጥሩሸዋ በልጅነቷ ለጌጡ ታጭታ ነበር። ዘመዶቻቸው በመሬት ተጣልተው እጮኝነቱ ፈረሰ፤ ጌጡም ሌላ አግብቶ ልጆች አፈራ። ከአፈወርቅ በቀር ሁሉም ረስቶታል። ጌጡ በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታ ቢሰጥ፣ አፈወርቅ ሰላምታው ለእኔ ነው ወይስ ለእሷ እያለ ሲያብሰለስል ይውላል።

በጥቅምት አፈወርቅ እህል ሊሸምት ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወረደና ንዳድ የሚሉት የቆላ ወባ ይዞት ተመለሰ። በቃሬዛ ተሸክመን ካመጣነው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ጥሩሸዋ ከራስጌው ቁጭ ብላ የጥቁሯን በግ ሱፍ ስትፈትል ከረመች። ለጠርዙ የሚሆነውን ከዳለቻ በግ ሱፍ ጋር ትገምደዋለች፤ የእጇ ምልክት ይህ ነበር። በእኛ አገር ወንድ የሚስቱን ፈትል ከሩቅ ለይቶ ያውቃል። አፈወርቅ በትኩሳቱ መካከል ዓይኑን ሲገልጥ እንዝርቷ ሲሾር ያያል። ለእኔ ለብርድ የምደርበው የሱፍ ባና ልታሠራልኝ ነው ብሎ በልቡ ደስ ይለው ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ገና በእግሩ ከመቆሙ የማኅበሩ ተራ ደርሶት ቤቱ ተሰበሰብን። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ «ንዳድ ሌላውን ይጣል እንጂ እኔን አይችለኝም። ወንድ ልጅ ለበሽታ አይተኛም» አለ። ቃሬዛውን የተሸከምነው እርስ በርስ ተያየን። ጥሩሸዋ ጠላ እየቀዳች ሰማችው።

ባናው ግን አልመጣለትም። ጥር አለፈ፣ ውርጩ በረታ፣ አፈወርቅ በአሮጌው ባና እየተጠቀለለ ጠበቀ። ሱፉ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ክብሩን የሚቀንስበት መሰለው።

የየካቲት ማርያም ማኅበር በጫኔ ቤት ነበር። ንስሐ አባታችን መምሬ ኪዳነ ወልድ ጽዋውን ባርከው ለቀብር ሲወጡ፣ ጌጡ ዘግይቶ ገባ። አዲስ ጥቁር ባና ደርቧል፤ ጠርዙ የዳለቻ ግምድ ነው። አፈወርቅ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጽዋው እየዞረ ከጌጡ እጅ ወደ እሱ ደረሰ። በማኅበር ሕግ ቂም ያለበት ሰው ጽዋ አይቀበልም፤ እንቢ ያለ ሰው ከወንድሙ ጋር መጣላቱን በአደባባይ መናገሩ ነው።

«ጌጡ ከጠጣበት አልጠጣም» አለ አፈወርቅ።

ጌጡ ደነገጠ። «ምን አደረግሁህ፣ ወንድሜ?»

«የደረብከውን ጠይቀው» ብሎ በትሩን አንሥቶ ወጣ።

ሁላችንም ባናውን አየን። ጓዳ ያሉት ሴቶችም ብቅ ብለው ጠርዙን አዩት። ጀምበር ሳትጠልቅ የጥሩሸዋ ስም በየቤቱ ተነሣ። ጌጡ ባናውን ከቤተ ክርስቲያን እንደገዛው ቢናገርም፣ ወሬ ከጣመው ሰው ማን ሊሰማው?

ጫኔ አፈወርቅን በር ድረስ ተከትሎት ሄደ። ጫኔ ሦስት ሚስት የፈታ፣ ስለ ሚስት አያያዝ ግን ከሁሉ በላይ የሚመክር ሰው ነው። «ሴትን ካልጨበጥካት ትስቅብሃለች» አለው። «ዛሬ ዝም ካልክ ነገ ሱሪህን አውልቀህ ስጣት።»

አፈወርቅ ቤቱ ደረሰ። ጥሩሸዋ ምድጃው አጠገብ እየፈተለች ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ገበያ የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም የለም» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም። ጠይቀኝ፣ አፈወርቅ። ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ።»

«ወንድ ሚስቱን አይለማመጥም!» አለና እንዝርቷን ከእጇ ነጥቆ በጉልበቱ ሰብሮ እሳት ውስጥ ጣለው።

ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ነገሩ ያንጊዜ ያልቅ ነበር። ባና ለማን እንደ ተሠራ መጠየቅ ምን ጉልበት ይፈልጋል? እሱ ግን መስበሩ ቀለለው።

ጠዋት ጥሩሸዋ ትንሹን ልጅ አዝላ ቀየት በሚባለው መንደር ወዳለው የአባቷ ቤት ሄደች። አፈወርቅ በጾሙ ወራት የሠራውን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ጌጡ ወደ ቀየት ይሄድ እንደሆነ ልይ ብሎ ከጉብታው ላይ መንገድ ሲጠብቅ ይውላል። እሱ ጌጡን ሲጠብቅ በጎቹን የሚጠብቅ ጠፋና ቀበሮ ግልገሎቹን ፈጀበት። ትልቋ ልጁ ውኃም እንጨትም በእሷ ላይ ወድቆ መሳቅ ተወች። አንድ ቀን ገብስ ስትፈጭ፣ «አባዬ፣ እማዬ የምትመጣው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱ በትሩን አንሥቶ ከቤት ወጣ።

በመጋቢት አጋማሽ ወደ መምሬ ኪዳነ ወልድ ሄደ። መምሬ የማርያም ቄሰ ገበዝ ስለሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በእጃቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ሲሸሻቸው ነው የከረመው፤ ሊጠይቁት ቤቱ ሲመጡም ከኋላ በር ይወጣ ነበር።

«አባቴ፣ ቁርባኑ ቀርቷል። ጥሩሸዋን ልፈታት ነው» አላቸው።

«ምን በድላ?»

«ለእኔ ስትፈትል የከረመችውን ባና ለጌጡ ሰጠችው።»

«ለአንተ ነው ብላህ ነበር?»

«አላለችኝም። ግን ለማን ይሆናል?»

«ለእመቤታችን ነበር። አንተ ልትሞት ስታጣጥር፣ ባሌን ካዳንሽልኝ በእጄ የፈተልኩትን ባና አስገባለሁ ብላ ተሳለች። አንተ ለተዝካር ዓለም ከተማ በሄድክበት ጊዜ፣ ለጥር አስተርእዮ ማርያም አመጣችው። እንደ ማንኛውም ስእለት በጨረታ ተሸጠ። ጌጡ ገዛው፤ የማን ፈትል እንደሆነም አያውቅም።»

አፈወርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ንዳድ አይችለኝም ብለህ ስትፎክር ሰማችሃ! ስእለቷን ብትናገር ፉከራህ ሐሰት ሊሆን ነው። ክብርህን ስትጠብቅልህ አንተ ስሟን አጠፋህ። ልጄ፣ ጻድቁ ዮሴፍ እመቤታችንን ፀንሳ ባገኛት ጊዜ ነገሩ አልገባውም ነበር። ያም ሆኖ ሰው ፊት ሊያዋርዳት አልፈቀደም። ወንድ ማለት እሱ ነው። አንተ ስለ አንድ ባና አደባባይ አወጣሃት።»

«ቀኖና ይስጡኝ። ስገድ ይበሉኝ፣ እሰግዳለሁ።»

«ስግደትማ ለአንተ ጉልበት ቀላል ነው። ሄደህ ጠይቃት። ከዚያ በማኅበሩ ፊት ጽዋውን ከጌጡ እጅ ተቀብለህ ጠጣ።»

«ሰው ሁሉ እያየ?»

«ስታዋርዳት ማን ነበር ያላየው?»

አፈወርቅ ቀየት ወረደ። አማቹ ደጅ ላይ ብዙ ካስጠበቁት በኋላ ጥሩሸዋ ወጣች።

«ያን ባና ለማን ነው የሠራሽው?» አላት።

«መምሬ ነግረውሃል አይደል?»

«ነግረውኛል። መጠየቅ የነበረብኝ ግን አንቺን ነው።»

ነገረችው። ስትጨርስ፣ «አንተ የፈራኸው ጌጡን አይደለም፤ ታምሜ ነበር ማለትን ነው» አለችው። እሱም ራሱ ጠርቦ የሠራውን እንዝርት ከጉያው አውጥቶ ሰጣት። አገላብጣ አየችው። «ጎባጣ ነው» አለች፤ ግን አልመለሰችለትም። «ጽዋውን ስትጠጣ አይቼ ወደ ቤታችን እመለሳለሁ። ዘንድሮ ግን አልቆርብም። ከአንተ ጋር መፋቻ የሌለው ኪዳን ከመግባቴ በፊት ዓመቱን ልይህ።»

ቃሏ አመመው፤ ግን እሺ አለ።

የመጋቢት ማርያም ዕለት አፈወርቅ በማኅበሩ መካከል ቆመ። ጥሩሸዋ ከሴቶቹ ጋር በር አጠገብ ነበረች። «ታምሜ ነበር» አለ። «በቃሬዛ ነው ያመጣችሁኝ። ሞትን ፈርቼ አልቅሻለሁ። ሚስቴ ተስላልኝ ዳንኩ። እኔ ግን በተሳለችበት ባና ስሟን አጠፋሁ፣ ወንድሜንም ከሰስኩ። ይቅር በሉኝ።»

ጌጡ ተነሥቶ ባናውን ማውለቅ ጀመረ። «ውሰደው፣ የቤትህ ነው።»

«አይሆንም። የተሰጠው ስለ እኔ ነፍስ ነው። አንተው ልበሰው። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም ሳየው ይቆረቁረኛል፤ ቢሆንም ልየው» አለና ጽዋውን ከጌጡ እጅ ተቀብሎ ጠጣ። ጫኔ መሬት መሬቱን ሲያይ ዋለ።

ወንድሞቼ፣ ቅናት ዘወትር በር ያንኳኳል፤ የአፈወርቅንም ከዚያ ወዲህ ማንኳኳቱን አልተወም። ሲመጣበት ግን ጥሩሸዋን ቀርቦ ይጠይቃታል፣ ካጠፋ ይቅርታ ይለምናታል። ንዳድን የማይፈራ ወንድ በየአገሩ ሞልቷል። የሚስቱን መልስ ሳይፈራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነውና ከጥቂቶቹ ሁኑ።

ዓመቱ አለፈ። በዳግም ትንሣኤ ጠዋት አፈወርቅና ጥሩሸዋ አብረው ቆረቡ። ከቅጽሩ ሲወጡ ብርዱ ኃይለኛ ነበር። ጌጡ ያን ባና ከትከሻው አውልቆ፣ ምን ይለኝ ይሆን በሚል ፊት አፈወርቅን እያየ ዘረጋለት። አፈወርቅ ተቀበለው፤ ጥሩሸዋንም ራሱንም በአንድ ላይ ሸፈነበትና ወደ ቤታቸው ሄዱ።