ማር የሌለበት ማሰሮ

«እትዬ ጥሩወርቅ! ይምጡ እንጂ፣ ማር እዚህ አለልዎት!»

ያለምወርቅ እንዲህ ብላ ስትጣራ የሰርቦ ገበያ ገና እየሞቀ ነበር። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ መድና ቀሚሷን ጎተተቻት። «ያለም፣ ማሎ፣ እባክሽ ተይ» አለች በሹክሹክታ። ያለም ግን አንዴ የጀመረችውን የምትተው ልጅ አልነበረችም። አባቷ «አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል» እያሉ የሚያሾፉባት ያለ ነገር አይደለም።

ለነገሩ ክፋት አስባ አልነበረም። የመድና እናት እትዬ አይሻ በየወሩ አንድ ቀን፣ አፉ በኮባ ቅጠል የታሰረ ማሰሮ አዝለው ከወንዙ ማዶ ይመጣሉ። መድናም «እናቴ ማር ነጋዴ ናት» ብላታለች። ያለም ግን ማሰሮው እንደታሰረ መጥቶ እንደታሰረ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይታለች። ሴትዮዋ ዓይን አፋር ስለሆኑ ገዢ መጥራት አይሆንላቸውም ብላ ደመደመች። ዛሬ ደግሞ ጠጅ ጣይዋ እትዬ ጥሩወርቅ ከጠዋት ጀምሮ ማር ፍለጋ ገበያውን ሲያስሱ ነበር። ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል?

«ይኼ የታዘዘ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አይሻ ማሰሮውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። «ባለቤቱ ይመጣል።»

«እስኪመጣ እትዬ ጥሩወርቅ ይቅመሱት እንጂ! ቢወዱት ለሌላ ጊዜ ያዝዙዎታል» አለች ያለም እየሳቀች። ማሰሮውን ለማውረድ እጇን በእትዬ አይሻ እጅ ላይ አደረገች። እጃቸው ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅም ጊዜ አላጠፉም፤ የኮባውን ቅጠል ፈተው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

ማሰሮው ውስጥ ማር አልነበረም። የነበረው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ግራ ገብቷቸው ሲያወጡት ቋጠሮው ተፈታና ነጫጭ ክኒኖች መዳፋቸው ላይ ተበተኑ።

«ውይ!» አለች ጨው የምትሸጠዋ ሴት ካጠገባቸው። «ይኼማ የዋርካው ሰዎች ክኒን ነው!»

ሰርቦ ውስጥ የበሽታውን ስም የሚጠራ የለም። ከገበያው ማዶ ካለው ዋርካ ሥር በወር አንድ ቀን ከጅማ የጤና ላንድሮቨር መጥቶ ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች መድኃኒት ያድላል። ሰዉ ታዲያ «የዋርካው ሰዎች» ብሎ ያልፋል፤ ሲያልፍም ዞር ብሎ፣ በሩቁ ነው። ዛሬም መኪናው በማለዳ መጥቶ ነበር።

በእትዬ አይሻ ዙሪያ ያለው ቦታ በአንዴ ሰፋ። እትዬ ጥሩወርቅ ክኒኖቹን ወደ ማሰሮው መልሰው እጃቸውን በአፈር አሹ። ያለምም፣ ማንም ሳያዛት፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ደግማም ጠረገች። ቀና ስትል እትዬ አይሻ እያዩዋት ነበር። የሚያዩት እትዬ ጥሩወርቅን አልነበረም፤ ጨው ሻጯንም አልነበረም። የእሷን እጅ ነበር።

ከዚያ ቅጠሉን መልሰው ማሰር ጀመሩ። ጣቶቻቸው እሺ ስላላሏቸው ገመዱ ደጋግሞ አመለጣቸው። መድና ጎንበስ ብላ አሰረችላቸውና ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ያለም ከዚያ ወዲህ ከራሷ ጋር ስትከራከር ከረመች። እኔ ምን አውቄ? ማር ነው ያለችኝ መድና አይደለችም? ይህን እስከምትል ድረስ ክርክሩን ትረታለች። እጅሽን ጥረጊ ያለሽ ማን ነው የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ትሸነፋለች።

በሚቀጥለው ወር ላንድሮቨሩ መጣ። አባቷ አቶ ወልደሰማያት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው የተቀመጠበት በረንዳ ዋርካውን ፊት ለፊት ያያል። ያለም እዚያ ቁጭ ብላ ቁልፍ ስትተክል፣ መድኃኒት አዳዩ ድሬሰር አቶ ተክለጻድቅ ተረኞችን በስም ሲጠሩ ትሰማለች።

«አይሻ!»

ማንም አልተነሣም።

«አይሻ የለችም?»

ብትነሣ፣ መንገዱን ተሻግራ «በእኔ ምክንያት ቀርተው ነው፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው» ብትል ምን ነበረበት? ግን ዋርካው ሥር ስትሄድ ገበያው ሁሉ ያያታል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ቁልፍ አነሣች። ድሬሰሩም ሌላ ስም ጠሩ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነና ላንድሮቨሩም ቀረ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መድና አልተመለሰችም። ሁለቱ ከጃንሆይ ፎቶ ግርጌ አብረው የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ መምህሩ ሌላ ልጅ አስቀመጡ። በጥቅምት የዘውድ በዓል ሰልፍ ተማሪው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እጅ ለእጅ ሲያያዝ ያለም የያዘችው የዚያችን ልጅ እጅ ነበር። ልጅቷ ደህና ልጅ ናት። ያለም ግን መዝሙሩ እስኪያልቅ መድና ናፈቀቻት።

ቡና ለቀማው ሲጀመር አባቷ የተሰፋ ቀሚስ ለደንበኛ እንድታደርስ ወደ ማዶ ላኳት። ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን ስትወጣ መድናን አገኘቻት፤ ቀይ ቡና የሞላ ቅርጫት አዝላ ትወርዳለች። ተያዩና ሁለቱም ቆሙ።

«ትምህርት ቤት አትመጪም እንዴ?» አለች ያለም።

«ቡናውን ማን ይልቀመው?»

የመድና አባት ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤት ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። «እናትሽስ?» አለች ያለም እየፈራች።

መድና ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። «ድስት ከእሳት አወረደች፣ በባዶ እጇ። ሲቃጠል እኔ ሸተተኝ እንጂ እሷ አልተሰማትም። ቁስሉ ከረመ። አሁን በግራ እጇ ሁለት ጣት የላትም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የቱ መድኃኒት? ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዙን ተሻግራ አታውቅም። ማሰሮውን አዝላ ዋርካው ሥር ስትቆም ሰው ማር ልትሸጥ የመጣች ነጋዴ ይላታል፤ ደፍራ የምትወጣው በሱ ነበር። አሁን በምን ትውጣ?»

«መድና፣ ወላሂ እኔ አላወቅሁም ነበር…»

ያለም ክርስቲያን ሆና «ወላሂ» የምትለው ከመድና ተምራ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁበት ነበር።

«እንዳላወቅሽ አውቃለሁ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» መድና ቅርጫቱን መልሳ አዘለች። «ግን እጅሽን ጠረግሽ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በኅዳር ላንድሮቨሩ ሲመለስ ያለም ሰዉ እስኪበተን ጠብቃ ወደ ዋርካው ሄደች። አሁንም ሰው እንዳያያት መጠበቋን ራሷ ታዝባዋለች። ድሬሰሩ ጠረጴዛቸውን እያጠፉ ሳለ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አላቋረጧትም።

«የጠፋው ጣት አይመለስም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላው እጇ ግን ገና አለ። ካልመጣች እሱም ይከተላል።»

«መድኃኒቱን እኔ ልውሰድላቸው?»

«ቁስሉን ሳላይ? መኪናችን ደግሞ ወንዙን አይሻገርም። እሷው ትምጣ እንጂ።»

«ሰው ያየኛል ብለው እኮ ነው።»

አቶ ተክለጻድቅ ቀና ብለው ገበያውን አዩት። «ይህን ዋርካ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥላ አለው፣ ለመኪናም ይመቻል ብዬ። ከገበያ ፊት ለፊት መሆኑን ግን አላሰብኩበትም» አሉ።

«እርስዎ አይፈሩም? ሲነኳቸው?»

«ስንት ዘመኔ! በዋዛ የሚተላለፍ በሽታ መሰለሽ? ይኸው እጄ።» ዘረጉላት። እንደማንም ሰው እጅ ነበር።

ያለም በዚያው ወንዙን ተሻገረች። እትዬ አይሻ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸው በሻሻቸው ውስጥ ነው። ሲያዩዋት ፊታቸው አልተቀየረም።

«ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከመድና ቤት ያለ ሳቅ ተቀምጣ አታውቅም። «እትዬ አይሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማሰሮውም… ለእጄም።»

«ልጅ ነሽ» አሉ እትዬ አይሻ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አለመሆኑ ለያለም አልገባትም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም።

«የሚመጣው ወር መኪናው አለ። ድሬሰሩ ቁስሉን ልየው፣ ቀኝ እጅዎ ይድናል ይላሉ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ሁለተኛ አልቆምም፣ ኢንታላ ኮ።»

ማሰሮው ጓዳው በር ላይ ተደፍቶ፣ ላዩ ላይ ዶሮ ሰፍራበታለች። ያለም ስታየው ቆየችና «ማሰሮውን ያውሱኝ» አለች።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ተራ ልይዝበት።»

እትዬ አይሻ «እሽ!» ብለው ዶሮዋን አባረሩ። መድና ከጓዳ ወጥታ አንዴ እናቷን አንዴ ያለምን አየች። «ውሰጂው» አሉ ኋላ። «ለእኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል።» እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም።

የታኅሣሡ ገበያ ቀን ያለም ማሰሮውን አዝላ ወጣች። ቅጠል አላሰረችበትም። ባዶነቱ ለሁሉም እየታየ በጨው ተራ አልፋ፣ በእትዬ ጥሩወርቅ ፊት አልፋ ዋርካው ሥር ደረሰች። ከሰልፉ መጨረሻ ማሰሮውን አስቀመጠችና አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአባቷ በረንዳ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ያለም!» አሉ አባቷ።

«አቤት አባባ!»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተራ ይዤ ነው!»

ገበያው ሰማ። ሁለት የክፍሏ ልጆች ሸንኮራ እያኘኩ ቆመው አዩዋት፤ አንደኛው ለሌላው የሆነ ነገር አለው። ፊቷ ጋለ። አባቷ መልሰው አልተጣሩም፤ የስፌት መኪናው ግን ዝም እንዳለ ነው።

ከፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር አሉ። አባቦራ ይባላሉ፤ እንጨት ሲሸጡ ታውቃቸዋለች፤ እጃቸውን ግን ሁሌ በጋቢ ይሸፍኑታል። ዛሬ አልሸፈኑትም። «የማን ተራ ነው የያዝሽው?» አሏት።

«የእትዬ አይሻ።»

«ትመጣለች?»

አዎ ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር። «እንጃ» አለች።

«እንግዲያ እንጠብቃታ» አሉ አባቦራ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ያለም ማሰሮውን ወደፊት ስትገፋ ከመሬት የወጣ የዋርካው ሥር ያዘባት። አባቦራ ጎንበስ አሉና ጣት በሌለው እጃቸው ከታች ደገፉላት፤ እጃቸው በእጇ ላይ አረፈ። ማሰሮው ሥሩን ተሻገረ።

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኗት፣ መመስገን የሚገባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ።

የያለም እጅ ከልምድ የተነሣ ወደ ቀሚሷ ሄዶ ነበር። ጨርቁ ጋ ሳይደርስ አየችውና መለሰችው። ማሰሮው አፍ ላይ አሳረፈችውና ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ታይ ጀመር።