ከፍ ሳይል የቀረው ምድጃ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ የጉና ውርጭ በገብሱ ክምር ላይ ነጭ ሆኖ ያድር ነበር፤ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የሚወስደው አስፋልት ግን መኪና ካየ ሰንብቷል። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋ ነበር።

ዶክተር ስርጉት አያሌው የእብናት ተወላጅ ስትሆን፣ በገሳይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ታገለግል ነበር። በሰላሙ ጊዜ ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ሕፃናትን ከቃጠሎና ከመውደቅ ስለ መጠበቅ ታስተምር ነበር። የውሃ ጉድጓዶችን በእንጨት አስከደነች፤ ምድጃቸውን በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገብ ከፍ እንዲያደርጉ ስትለምን ግን ባልቴቶቹ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እያሉ ይስቁባት ነበር። የደብሩ አገልጋይ ቄስ አምላኩ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው ምክሯን አጸኑላት፤ ምራታቸው ፈንታነሽም ድንጋዩን በጓሮዋ አስከመረች። ምድጃው ክረምቱ ሲወጣ ሊሠራ ታስቦ ሳለ፣ በነሐሴ ተኩስ ተከፈተ፤ ሐኪሟ ከጤና ጣቢያው እንዳትርቅ ታዘዘች፤ ምድጃውን ሊሠሩ የነበሩት ጎልማሶችም ተበተኑ።

የፈንታነሽ ልጅ እመቤት ገና አራት ዓመቷ ነበር። በዚያ ኅዳር አንድ ጠዋት ስትሯሯጥ ተደናቅፋ፣ መሬት ላይ በተጣደው የንፍሮ ድስት ላይ ወደቀች። አያቷ ቄስ አምላኩና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ስርጉት አደረሷት።

ስርጉት ቁስሉን አጥባ ሸፈነች፤ በመድኃኒት ቤቱ የቀረውንም ግሉኮስ ሰቀለችላት። ከዚህ በላይ የሚረዳት ደብረ ታቦር ያለው ሆስፒታል ብቻ ነበር። አምቡላንሱ ተነሥቶ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ተኩስ መለሰው፤ በእግር መንገድ እንውሰዳት ብለው እስከ ጋራው ቢወጡም፣ ከወዲያ የሚሸሹ ሰዎች ማለፊያ እንደሌለ ነገሯቸው። ተመለሱ።

«አባቴ፣ በእጄ የቀረ ነገር የለም፤» አለች ስርጉት ቀና ብላ ሳታያቸው።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «አንቺማ አስቀድመሽ ነግረሽን ነበር፣ ልጄ፤» አሏት።

«እናንተም ሰምታችሁኝ ነበር።»

ፈንታነሽ ልጅቷ ውሃ እንደጠማት ተናግራ ማጠጣት ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቀች፤ ስርጉትም ኩባያውን ራሷ ሞልታ ሰጠቻት። በማግሥቱ ቀትር ላይ እመቤት አረፈች። ከቀብሩ በኋላ መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተከፈተ፤ አምቡላንሱም ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ያለ ችግር አለፈ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የትኛው ከተማ መቼ እንደተያዘና መቼ እንደተለቀቀ ይጽፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወገንም የራሱን ሙታን ይቆጥራል። እመቤትን ግን ጥይት አልነካትምና ከማንም ሙታን ጋር አልተቆጠረችም፤ አሟሟቷ የቤት ውስጥ አደጋ ተባለ።