ከሦስተኛው ድልድይ በታች

ባንሲዳርን በገመድ አልጋ አጋድመው ከወንዙ አሸዋ ሲያወጡት ሚስቱ ፉልማቲ አላለቀሰችም። ለእሱ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ ብሏት ነበር። «ሂድ! በሩ ላይ ቁም! ፊትህን አልይ!» ብላው ነበር። ሄደ፤ የባቡሩ በር ላይ ቆመ፤ ወደቀ። ሌላ ገዳይ ለምን ይፈለጋል?

ባንሲዳር ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ሱስ ነበረበት። ከዋናው ሐዲድ ተገንጥለው ገጠር ለገጠር የሚሄዱ፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን መስመሮች እየመረጠ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ጉዳይ የለውም፤ አገር ማየት ብቻ። ዛሬ ከሕንዷ ከተማ ከፓትና አራት ሆነው ነው የወጡት፤ እሱ፣ እሷ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሙስታክ፣ የእሷ ታናሽ ወንድም ቲላክ። ቲላክም ይምጣ ብላ የለመነችው ራሷ ናት።

የባቡር ፖሊስ መርማሪዋ ጊርጃ ጉልበቷ ያበጠ፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ነበረች። ሬሳው ወዳረፈባት ትንሽ ጣቢያ እንደደረሰች ማንንም ሳታናግር ሬሳውን ገለጠች። የቀኝ እጁን ብድግ አድርጋ ብዙ አየችው።

«አሸዋ ላይ ነው የወደቀው» አለች። «አሸዋ አንገት ይሰብራል፤ ጣት ግን አይጨፈልቅም። ይኼ ሰው ተገፍቷል። የበሩን ብረት ከታች ይዞ ተንጠልጥሎ ሳለ ጣቶቹን በጫማ ረግጦ ያስለቀቀው አለ።»

ፉልማቲ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች።

ጊርጃ መጀመሪያ ቲላክን ጠራች። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ሳንቲም አወጣ» አለ። «ግንባሩን አስነክቶ ለወንዟ ወረወረላት። ስትወድቅ አያለሁ ብሎ ሲያጎነብስ አዳለጠው። እጄን ብዘረጋ አልደረስኩበትም፣ እታለምን!»

«በዓይንህ አየህ? ሲወረውር?»

«አጠገቡ ቆሜ! ቀደም ሲል ባለፍናቸው ሁለት ድልድዮችም ወርውሯል። ማን የማይወረውር አለ?»

«ተገፍቷል እኮ ነው የምልህ።»

ቲላክ ወደ ሙስታክ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ዞር ስል ይሆናላ። ሙስታክ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። እኔ ግን ምንም አላልኩም።»

«ምንም ሳትል ብዙ አልክ» አለች ጊርጃ። አብሯት የመጣው ፖሊስ ግን ይህን ሲሰማ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ ሙስታክ አጠገብ ቆመ።

«ሽንት ቤት ነበርኩ» አለ ሙስታክ። «ስወጣ ቲላክ በሩ ላይ ብቻውን ይጮኻል።»

«ማን አይቶሃል?»

«ሽንት ቤት ሲገባ ምስክር የሚጠራ አለ እንዴ እመቤቴ?»

ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው። ጊርጃ አልሳቀችም። «ከድልድዩ በፊት ባለው ጣቢያ ቲላክ የት ነበር?»

«ወርዶ ያጨስ ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሮጦ በኋለኛው በር ገባ፤ እዚያው ቀረ። እመቤቴ፣ የምትወስጂኝ ከሆነ መጀመሪያ የጓደኛዬን ፊት ልሸፍንለት።»

ፉልማቲ አንገቷን ደፋች። ሙስታክ ዝንብ እንደማይነካ ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ እሱን ግን እንዳታስበው ትታገል ነበር።

ጊርጃ አጠገቧ ተቀመጠች። «እናቴ፣ እዚያ ጣቢያ ላይ ምን ተባባላችሁ?»

«ውሃሽን ክደኚ አለኝ።»

«ለምን?»

«የሚቀጥለው ‹ጽድቅ በላው› የሚባል ወንዝ ነው አለኝ። ጠብታው የነካው ሰው የሠራው በጎ ሁሉ ይጠፋበታል አሉ። እኔና ወንድሜ ባደግንበት አገር አይታወቅም። የእሱ እናት ስሙ ሲነሳ ክፉው እንዳይነካቸው ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ግን እጅሽን በመስኮት እንዳታወጪ አለኝ። መስኮቱንም ራሱ ዘጋው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተቆጣሁት። ከፊቴ ጥፋ አልኩት።»

«በምን ተቆጣሽው?»

«የቤት ነገር ነው።»

ጊርጃ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ጥያቄው ቢመጣ ይሻላት ነበር።

በመጨረሻ ሁሉንም በጣቢያው የመንገደኞች ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት» ብላ ጀመረች። «ሌላው ወንዝ ሳንቲም ይወረወርለታል፤ ይሳለሙታል። ለዚህኛው ግን ማንም ምንም አይሰጥም። ለእሱ የሰጠ የራሱን ጽድቅ አብሮ የሰጠ ነው። ሟቹ ይህን ያውቃል። አውቆም ውሃ አስከደነ፣ መስኮት ዘጋ። ታዲያ ይኸው ሰው ወዲያው ተነሥቶ ለዚያው ወንዝ ግንባሩን አስነክቶ ሳንቲም ይወረውራል?»

ቲላክ ከንፈሩን ላሰ። «ረስቶ ይሆናላ!»

«በገዛ እጁ መስኮቱን ከዘጋ ወዲህ ሻይ እንኳ የሚበርድበት ጊዜ አላለፈም፤ የቱን ይረሳል? አንተ ግን አታውቅም። የወንዙ ነገር ሲነሳ ወርደህ ታጨስ ነበር። ድልድይ አየህ፤ በድልድይ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አሰብክና አየሁ አልክ። ሙስታክ ቢገፋው ኖሮ ያየኸውን ትናገር ነበር። ያልተወረወረ ሳንቲም ተወረወረ የሚል ሰው፣ በዚያች ሰዓት በሩ ላይ የሆነውን መደበቅ ያለበት ሰው ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ከሙስታክ ራቅ ብሎ ቆመ።

«በወንዝ ወሬ ልታሥሪኝ ነው?» አለ ቲላክ። ድምፁ ግን ተሰነጠቀ። «ጋሼን ለምን እገድለዋለሁ? ምን አድርጎኝ? እታለም፣ ንገሪያት እንጂ! ከእሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

ሁሉም ወደ ፉልማቲ ዞሩ። ጊርጃም ዞረች። ውሸቱን በእጇ ይዛለች፤ ምክንያቱን ግን አልያዘችም። ያለ ምክንያት ዳኛ ፊት ስትቆም ቲላክ እየሳቀ እንደሚወጣ ፉልማቲ ገባት። በእሱ ቦታ ሙስታክ ሊገባ ይችላል።

ቲላክን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው።

«የቲላክ ሚስት ሳሎኒ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምድጃ ፈንድቶባት አይደለም የሞተችው።»

«እታለም!»

«ሆስፒታል ሆና ለባሌ ነግራዋለች። ነዳጁን ማን እንዳፈሰሰባት፣ ክብሪቱን ማን እንደጫረ። እኔም ሰምቻለሁ። ዝም በል ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ዛሬ ቲላክን ያስመጣሁት ፊቱን ሲያይ ልቡ ይራራ ይሆናል ብዬ ነው። እዚያ ጣቢያ ላይ ግን ሰኞ ሄጄ እመሰክራለሁ አለኝ፤ ለራሱ ለቲላክም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ አለኝ። በዚህ ነው የተቆጣሁት። ወደ ወንድሜ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«እናታችን ብትኖር ይህን ታደርጊኝ ነበር?» ብሎ ቲላክ ጮኸ።

«ብትኖር እሷም ዝም ትልልህ ነበር» አለች ፉልማቲ። «ሁላችንም ዝም እያልንልህ ነው እዚህ የደረስከው።»

ፖሊሱ ካቴናውን ቲላክ እጅ ላይ አጠለቀ። ሲያወጡት ሁለት ጊዜ ጠራት። ዞራ አላየችውም።

ጊርጃ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «አንቺ አልገፋሽውም፣ እናቴ። በቃ፣ ቤትሽ ግቢ።»

«እኔንም ጻፊኝ» አለች ፉልማቲ።

«ምን ብዬ?»

«ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ ሳሎኒ ስትቃጠል ጩኸቷን ከግድግዳው ወዲያ ሰምቻለሁ። ሰምታ በሯን የዘጋች ብለሽ ጻፊኝ።»